ወራሽ ለመሆን የግድ ሟች ያስፈልጋል?

ደብረ ማርቆስ የአንድ አይሁዳዊ ስም የተሸከመች ከተማ ናት። ወንጌላዊው ማርቆስ የኢየሩሳሌም ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 እንደሚተርከው ሌላው ስሙ ዮሐንስ፣ እናቱም ማርያም ትባላለች፤ ጴጥሮስ ከእስር ቤት ሲወጣ በቀጥታ የሄደው ወደ እሷ ቤት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ራስ አዳል፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ መንቆረር ትባል የነበረችውን ከተማቸውን በደብሩ ስም ሲያስጠሩ፣ የአንድ አይሁዳዊት እናት ልጅ ለጎጃም መናገሻ ስም ሰጠ ማለት ነው።

በዚያው አገር ደግሞ «አንተ አይሁድ!» ስድብ ነው። ጨካኝ፣ ርኅራኄ የሌለው፣ አምላኩን የሰቀለ ማለት ነው። ሰዳቢው በማርቆስ ደብር የሚሳለም፣ ልጁን በስምንተኛው ቀን የሚያስገርዝ፣ የአሳማ ሥጋ የማይቀምስ፣ ቅዳሜ በሬ የማይጠምድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ግራ የሚያጋባ ዝምድና ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ አንዱ ወገን «የእናንተ ክርስትና ኦሪት ነው» ብሎ ሲያንቋሽሽ፣ ሌላው «እውነተኛው እስራኤል እኛ ነን» ብሎ ሲመልስ እናያለን። ሁለቱም ታሪኩን በግማሽ ይዘውታል። ያልተነሣው ግማሽ ደግሞ ሰው ያስከፈለ ነው። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. በእጃችን ያለው

ከቃላቱ እንጀምር። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ምጽዋት፣ ጣዖት፣ ፋሲካ፤ እነዚህ ቃላት ወደ ግእዝ የገቡት ከአራማይክ መሆኑን እንደ ፖሎትስኪና ኡለንዶርፍ ያሉ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት አሳይተዋል። አንዳንዶቹ በተለይ የአይሁድ አራማይክ ጠረን አላቸው። «ዓርብ» የምንለው ቀን ራሱ የሰንበት ዋዜማ ማለት ነው። ቅዳሜም «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው የመጣ ነው። የሳምንታችን አቆጣጠር ሳይቀር የሙሴን ሕግ ያስታውሳል።

ወደ ባሕረ ሐሳብ እንሂድ። ማንኛውም የአብነት ተማሪ እንደሚያውቀው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለማውጣት መጀመሪያ መጥቅዕ ይፈለጋል። መጥቅዕ ምንድን ነው? መለከት የሚነፋበት የአይሁድ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። ከእሱ ተነሥተን ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ትንሣኤን እናወጣለን። የደብረ ኤልያስ ወይም የዲማ ሊቅ በየዓመቱ የክርስቶስን ትንሣኤ ለማግኘት በአይሁድ መስከረም በኩል ያልፋል።

መጻሕፍቱን ደግሞ እንይ። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ የተጻፉ ናቸው። አይሁድ ራሳቸው ትተዋቸው፣ የግሪክና የላቲን ክርስቲያኖችም ጥለዋቸው ሳለ፣ ሙሉ ሆነው የቆዩት በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ የሄኖክን ቅጂ ወደ አውሮፓ ሲወስድ ምሁራኑ የጠፋ መጽሐፍ የተገኘ መሰላቸው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ፣ የኩፋሌ ቁርጥራጭ በዕብራይስጥ ሲገኝ፣ የኛ ደብተራዎች ሲገለብጡ የኖሩት ምን ያህል ጥንታዊ ነገር እንደሆነ ዓለም አወቀ። አይሁድ የራሳቸውን የጥንት ድምፅ መልሰው ያገኙት በከፊል በኛ ብራና ነው።

ትውፊቱም አለ። በእነብሴ ሳር ምድር ያለችው መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባት እንደነበር ይነገራል። በጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለ600 ዓመት ያህል እንደቆየች ይተረካል፤ የመሥዋዕት ደም ይቀመጥበት ነበር የሚባል ድንጋይም ለጎብኚ ይታያል። ይህ ትውፊት ነው፤ የታሪክ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ትውፊት ግን አንድን ሕዝብ ራሱን እንዴት እንደሚያይ ይናገራል፤ የጎጃምና የጣና ዙሪያ ሕዝብም ራሱን ከኦሪት ቤት እንደወጣ አድርጎ አይቷል።

ምሁራን ይህ ሁሉ ከየት መጣ በሚለው አልተስማሙም። ኡለንዶርፍ ከክርስትና በፊት ወይም በክርስትና መባቻ የአይሁድ ተጽእኖ ነበረ ይላል። ፈረንሳዊው ማክሲም ሮዲንሰን ደግሞ ኢትዮጵያውያን ብሉይ ኪዳንን አንብበው ራሳቸው የወሰዱት ነው ይላል። ለኛ ጉዳይ ልዩነቱ ወሳኝ አይደለም። በሰው መጣም በመጽሐፍ፣ ምንጩ ያው ነው።

፪. ለሰንበት የተከፈለ ዋጋ

ይህ ውርስ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ሰዎች ተሰደውለታል፣ ታስረውለታል።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ናት ብለው አስተማሩ። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን አቋም ሌላ ነበር፤ ጳጳሱ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበርና የቤተ መንግሥቱም አቋም ከጳጳሱ ጋር ሆነ። ልብ በሉ፤ የእስክንድርያ መንበር «መንበረ ማርቆስ» ነው። በአይሁዳዊው ማርቆስ መንበር የተቀመጡ አባቶች ቅዳሜን ማክበርን «አይሁዳዊነት» ብለው ተቃወሙ። ኤዎስጣቴዎስ አገር ለቀው በግብጽ፣ በኢየሩሳሌም፣ በቆጵሮስ አልፈው አርመን ደረሱ፤ በዚያው በ1352 ገደማ ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከለከሉ፣ ተገለሉ፤ ዐፄ ዳዊት በ1404 ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ። በመጨረሻ በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ፤ የግብጽ ጳጳሳቱም ተቀበሉ።

አንድ መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ክርክር ነው። የተሟገቱት ሰዎች አይሁድ አልነበሩም፤ መነኮሳት ነበሩ። የሚሉትም «ሕጉን የሰጠው ያው አምላክ ነው፤ ክርስቶስ ሊሽር አልመጣም» ነበር። ዛሬ «ኦሪት ነው» ብሎ የሚያንቋሽሽ ሰው፣ ይህ አቋም ካለማወቅ የተወረሰ ልማድ ሳይሆን ታስቦበትና ተከራክረውበት የተያዘ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

፫. ከሊዝበን የታየችው ኢትዮጵያ

ሁለተኛው ፈተና ከፖርቱጋል መጣ፤ በሩም በከፊል ከጎጃም ተከፈተ። በጎጃም ሰፊ ርስት የነበራቸውና መርጡለ ማርያምን በወርቅ ያስጌጡት እቴጌ እሌኒ፣ በ16ኛው መቶ መጀመሪያ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት ናቸው። ከዚያ በኋላ ዐፄ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብ የሚባሉ ካህን ላኩ። ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ለዓመታት ተቀመጡ፤ የሥነ መለኮት ሊቃውንቱ ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ምግብ እያፋጠጡ ጠየቋቸው፤ ቅዱስ ቁርባንም ከለከሏቸው። እሳቸውም የአገራቸውን እምነት ጽፈው አስረዱ። ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ምሁር ጽሑፉን በ1540 በላቲን አሳተመው፤ የፖርቱጋል ኢንኩዊዚሽን ግን መጽሐፉን በአገሩ እንዳይሰራጭ ከለከለ።

ለምን ይህን ያህል ፈሩት? ፖርቱጋል በ1497 አይሁዶቿን በግድ አስጠምቃ ነበር። በ1536 ደግሞ ኢንኩዊዚሽን ተቋቋመ፤ ሥራውም በስውር አይሁድ ሆነው የቀሩትን ማደን ነበር። ቅዳሜ ሥራ ያቆመ፣ የአሳማ ሥጋ ያልበላ፣ ልጁን ያስገረዘ ሰው ይከሰስ ነበር፤ ፍርዱ እስከ መቃጠል ይደርሳል። እንዲህ ያለ አገር ሰው ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ በአገሩ ወንጀል የሆነው ሁሉ እዚህ የካህናትና የነገሥታት ልማድ ሆኖ ያገኘዋል። ያየው ኢትዮጵያን ሳይሆን የራሱን አገር ፍርሃት ነበር።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ መልስ ሰጡ። መልሳቸው ብልህ ነው። ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱና እሳት እንደማያነዱ አይሁድ ሳይሆን ቅዳሴ ቀድሰንና ቁርባን አቅርበን ነው አሉ። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ እንደ ሌላው አገር የፊት ጠባሳና የጆሮ መበሳት ይታይ አሉ። የአሳማ ሥጋም በሕግ ግዴታ የተተወ አይደለም፤ የፈለገ ይበላል፣ ያልፈለገ ይተዋል አሉ። መልሱ አገሪቱን ከክስ ለማዳን የተጻፈ ነው፤ ለዚያም በቅቷል። ነገር ግን ዋጋ ነበረው። «እኛ አይሁድ አይደለንም» ለማለት የኦሪትን ውርስ ወደ «ልማድ» ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነ። ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ሃይማኖት ብለው የተሰደዱለትን ነገር ንጉሡ ከከሳሽ ፊት ሲቆሙ ቀለል አድርገው አቀረቡት።

ዐፄ ሱስንዮስ ግን መከላከሉን ትተው ወደ ከሳሾቹ ዞሩ። በ1620 ገደማ የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር ከለከሉ። ያኔ ከተነሡት ዐመፆች አንዱ የዳሞት ነው፤ መነኮሳትና ባሕታውያን ሳይቀሩ ገበሬውን ይዘው ወጡ። የጎጃም ገዥ የነበሩት የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ ራሳቸው ካቶሊክ የሆኑት፣ ዐመፁን በጦር ደመሰሱት። ሕዝቡ ስለ ሁለቱ ባሕርያት ክርክር ያን ያህል ይረዳ ነበር ማለት ይከብዳል። ቅዳሜውን ሲነኩበት ግን ተረዳ። ከአሥር ዓመት ትንሽ ካለፈ በኋላ፣ በ1632፣ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ።

፬. «መሲሕ» ማለት ምን ማለት ነው?

ኢየሱሳውያኑ ከወጡ በኋላ የተረፈው የእርስ በርስ ክርክር ነው፤ የክርክሩ አንዱ ምሰሶ ደግሞ ጎጃም ነበረ። «ክርስቶስ የከበረው በተዋሕዶ ነው ወይስ በቅባት?» ቅባትን ይዘው በጽናት የተሟገቱት በተለይ የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት ናቸው። ስለ ቅዳሜ የተሰደደው ቤት ከ300 ዓመት በኋላ ስለ ቅባት ቆመ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተዋሕዶን አጸኑ፤ የጎጃም ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ሲያከራክርና ሲያጋጭ ኖሯል።

እዚህ ላይ ማን ትክክል ነው የሚለውን ለሊቃውንት እተዋለሁ። የምጠቁመው ሌላ ነገር ነው። «ክርስቶስ» ግሪክኛ ነው፤ የዕብራይስጡ «መሲሕ» ትርጉም፣ ማለትም የተቀባ። ሳሙኤል የዘይቱን ቀንድ ይዞ ወደ ዳዊት ሲሄድ የተጀመረ ታሪክ ነው። የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ጥቅስ ሲመዝዙ ከመዝሙረ ዳዊትና ከኢሳይያስ ነው የሚጀምሩት። ማለትም የጎጃም ሊቃውንት ለዘመናት ሲከራከሩ የኖሩት፣ ሲጨመቅ፣ የአንድ ዕብራይስጥ ቃል ትርጉም ምንድን ነው በሚለው ነው። ያለ እስራኤል ነገሥታት ቅባት፣ «ክርስቶስ» የሚለው ስም ራሱ ትርጉም የለውም።

የዋሸራና የጎንጅ ቅኔም ያለዚህ አይቆምም። ታቦቷ እመቤታችን ናት፤ ዕፀ ጳጦስ እመቤታችን ናት፤ የያዕቆብ መሰላል እመቤታችን ናት። ሰሙ ኦሪት፣ ወርቁ ወንጌል ነው። ባለቅኔው ግን ሰሙን አቅልጦ ሲያስወግደው አይታይም፤ ሰም ከሌለ ቅኔ የለም።

፭. ወራሹና ሟቹ

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ይህን ሁሉ የወረሰ ሕዝብ በጎረቤቱ ካለው ቤተ እስራኤል ጋር እንዴት ኖረ?

ክብረ ነገሥት የሚነግረን ክብሩ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ ብሎ ነው። ጽዮን ወዳጆቿን ለውጣለች። ይህ የውርስ ትረካ ነው። ውርስ ደግሞ በልማዳችን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ የቀድሞው ባለቤት መሞት አለበት። ካልሞተ፣ አጠገብህ ካለ፣ ያንኑ ኦሪት በዚያው ግእዝ እያነበበ ቅዳሜን ካንተ አጥብቆ ካከበረ፣ ወራሽነትህ ላይ ጥያቄ ያነሣል።

ሥነ መለኮቱ መሬት ላይ የወረደውም በዚህ መንገድ ነው። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤተ እስራኤልን ከወጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳዘዙ በትውፊት ይነገራል። ርስት፣ ወራሽ፣ መውረስ፤ ሥሩ አንድ ነው። ሰማያዊ ውርሳችንን ያረጋገጥነው የጎረቤትን ምድራዊ ርስት በመንሳት ሆነ። ሁለቱንም ሰንበት ያጸኑት ዘርዐ ያዕቆብም በመጽሐፈ ሚላድ ከአይሁድ ጋር አጥብቀው ይከራከራሉ። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመን፤ ሰንበቱ ይከበር፣ ባለ ሰንበቱ ይዋረድ።

ርስት ያጣ ሰው በደጋ አገር ምን ይሠራል? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይገነባል። የጎንደር ነገሥታት ግንብና አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ መሰደቢያ ሆነ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የክርስቶስን ችንካር የሠራውም የእሱ ወገን ነው ተባለ። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ ሚስቱ እንጀራ የምትጋግርበትን ምጣድ ከእጁ እየተቀበለ፣ ከዐይኑ ልጁን ይሸሽግ ነበር።

ይህ የጎንደር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። ቤተ እስራኤል በብዛት የኖሩት ከጣና በስተሰሜን ቢሆንም፣ ስድቡ አባይን ተከትሎ ሁሉም ጋ ደርሷል። በጎጃምም ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ጥሩ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ እንኳን፣ በቡዳነት ተጠርጥሮ በጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ያስፈለገው ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው።

መጨረሻውን እናውቃለን። ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። እዚያም ደርሰው አይሁድነታቸው ተጠየቀ፤ በ1985 የእስራኤል ራቢዎች የማጥለቅ ሥርዓት ፈጽሙ ስላሏቸው ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ሰልፍ ተቀምጠዋል። እዚህ «አይሁድ» ተብለው የተሰደቡ ሰዎች እዚያ «አይሁድ ናችሁ ወይ?» ተባሉ። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ከኛ ጋር ኦሪትን ተካፍለናል የምንላቸው ሰዎች ሲሄዱ፣ ስንቶቻችን እንደ ወገን ሸኘናቸው?

፮. ለሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች

«ወንጌሉ ራሱ አይሁድ ሰቀሉት ይላል እኮ» የሚል ይኖራል። አዎ፣ የሰሙነ ሕማማት ንባብ ያን ይላል። ነገር ግን ያን ጽሑፍ የጻፉት በአብዛኛው አይሁድ ናቸው። የተሰቀለው አይሁዳዊ፣ ከመስቀሉ ሥር የቆመችው እናት አይሁዳዊት፣ ሥጋውን የገነዙት ዮሴፍና ኒቆዲሞስ አይሁድ፣ ፍርዱን የፈረደው ደግሞ ሮማዊ ገዥ ነው። የቤት ውስጥ ጠብ ነው፤ የውጭ ሰው ቃሉን ነጥቆ ዱላ ሲያደርገው ሌላ ነገር ይሆናል። አውሮፓ ያን አድርጋ የት እንደደረሰች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታይቷል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የክርስቶስን ሞት በአይሁድ ሁሉ ላይ መጫን ስሕተት መሆኑን በይፋ የተናገረችው ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ ነው። እኛ ይህን ለማለት እልቂት መጠበቅ አይኖርብንም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ታዲያ የዛሬውን የእስራኤል መንግሥት ደግፉ ነው የምትለው?» የሚል ነው። አይደለም። ስለ አንድ መንግሥት ፖሊሲ መከራከር ሌላ፣ የራስን ሃይማኖት ሥር ማወቅ ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው በየትኛውም ወገን ቢቆም ለታሪኩ አይበጅም።

፯. ምን ይደረግ?

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ ከአሕዛብ ለመጡት ክርስቲያኖች የተናገረው ምሳሌ አለ። እናንተ የበረሃ ወይራ ናችሁ፤ በሌላ ወይራ ሥር ላይ ተተክላችኋል፤ በቅርንጫፎቹ ላይ አትኩሩ፤ ሥሩ ተሸከማችሁ እንጂ እናንተ ሥሩን አልተሸከማችሁትም የሚል መንፈስ ያለው ነው። ወይራን የሚያውቅ የደጋ ሰው ይህን ለመረዳት አንድምታ አያስፈልገውም። የጳውሎስ ምሳሌ ውርስ ሳይሆን መተከል ነው። ወራሽ ሟች ይፈልጋል፤ የተተከለ ቅርንጫፍ ግን ሥሩ ቢሞት አብሮ ይደርቃል።

ከዚህ የሚከተሉ ሦስት ቀላል ነገሮች አሉ። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ማርቆስ፣ ጳውሎስና እመቤታችን አይሁድ እንደነበሩ በግልጽ ይማሩ፤ ያን የሰማ ልጅ ስድቡን በአፉ ለማንሣት ይከብደዋል። የቤተ እስራኤል ታሪክ፣ በግእዝ የጸለዩ መነኮሳት ጭምር የነበሯቸው የዚህ አገር ሰዎች ታሪክ ሆኖ፣ በክልሉ ትምህርት ቤቶች ይነገር። የስብከት ዐውደ ምሕረት ደግሞ ስለ ቡዳ ዝም ማለቱን ይተው፤ ዛሬም በእጁ ሥራ ምክንያት ሴት ልጅ የሚከለከል ወጣት ባለበት አገር ዝምታ አቋም ነው።

«ኦሪት ናችሁ» ለሚለን፣ አዎ ከዚያ ሥር ነን ብንለው አያሳፍርም። «እውነተኛው እስራኤል እኛ ብቻ ነን» ለሚለው ወንድማችን ግን የምንጠይቀው አለ፦ እስራኤል መሆን ክብር ከሆነ፣ በአጠገባችን እስራኤል ነን ያሉትን ለምን ርስት ነሣናቸው?